ቀሰቀስኩት፤ ግን አልነቃም

«ቀሰቀሰ» ማለት ምን ማለት ነው? የቋንቋ ጥናት ለጀመሩ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ብታቀርቡላቸው አብዛኞቹ ሳያመነቱ «ከእንቅልፍ አነቃ» ይሏችኋል። መልሱ ለጆሮ ደህና ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ።

ቀሰቀስኩት፤ ግን አልነቃም።

ከእንቅልፉ አነቃሁት፤ ግን አልነቃም።

የፊተኛው በየማለዳው የሚሰማ ንግግር ነው። የኋለኛው ግን ተነግሮ ሳያልቅ ይፈርሳል፤ ሰውየው ወይ ነቅቷል ወይ አልነቃም። ስለዚህ «ቀሰቀሰ» የሚሰይመው ድርጊቱን ነው፤ መነቅነቁን፣ መጣራቱን፣ ብርድ ልብስ መግፈፉን። መንቃቱ በቃሉ ውስጥ የለም። «አነቃ» ደግሞ ውጤቱን ይሰይማል፤ በምን ዘዴ እንደተገኘ ግን አይናገርም። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይሳሳት ሲጠቀምበት ኖሯል። ትርጉሙን ንገረን ስትሉት ግን ልዩነቱን አይነግራችሁም፤ ማወቁን አያውቅማ።

የቃላትን ፍቺ ጥናት ለጀማሪ ማስተማር በእኔ እምነት ከዚህ መጀመር አለበት። ተማሪው ብያኔ ከመጻፉ በፊት መፈተኛ ይጨብጥ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከመናገሩ በፊት፣ ቃሉ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚቀበልና የትኛውን እንደሚገፋ ይይ።

ብዙ የመግቢያ ኮርሶች የሚሄዱት በተቃራኒው ነው። «ትርጉም ምንድን ነው?» ብለው ይነሳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ኦግደንና ሪቻርድስ በ1923 ያቀረቡት ሦስት ማዕዘን ይሳላል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ምልክት፣ ሐሳብ፣ ነገር። ከዚያ ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬገ በ1892 ያነሳው የንጋት ኮከብና የምሽት ኮከብ ይከተላል፤ ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት ቬነስን ሆኖ ሳለ የሚነግሩን ነገር ግን አንድ አይደለም። ሁለቱም ትልልቅ ሐሳቦች ናቸው፤ ከኮርሱ ይውጡ አልልም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። አንድም ቃል በእጁ ፈትሾ የማያውቅ ተማሪ ሦስት ማዕዘኑን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አይታየውም። በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ አሥር ያህል ቃላትን ፈታትቶ ካየ በኋላ ቢመጣለት ግን ጥያቄው አስቀድሞ በራሱ ውስጥ ተነስቶ ይቆየዋል።

ቃሉ የቱ ነው?

ከፍቺ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። «አልነገርኳቸውም» በጽሑፍ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን አሉታ፣ ግስ፣ ተናጋሪና የተነገራቸው ሰዎች አሉ። «ዝም አለ» በጽሑፍ ሁለት ቃል ነው፤ የሚሰይመው ግን አንድ ነገር። «አለ»ን እዚህ «ተናገረ» ብሎ መፍታት አይቻልም፤ ዝም ያለ ሰው ምንም አልተናገረምና። ስለዚህ በባዶ ቦታ መካከል የተጻፈው ሁሉ የጥናታችን ቃል አይደለም፤ ፍቺውን የምንመዘግብለት አሃድ ከአንዱ ያንሳል፣ ከሌላው ይበልጣል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚደረገው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚቀድመው መሆኑን ተማሪው በአፉ ብሎ መለየት አለበት። እነዚህ ሞክሼ ቃላት ናቸው፤ መልካቸው እንጂ ዘራቸው አይገናኝም።

ሐሰት፣ እንግዳ፣ ቅራኔ

የመጀመሪያዎቹን መፈተኛዎች የሚያበላሸው ነገር ተማሪው «አይሆንም» የሚለውን ቃል ለአራት የተለያዩ ነገሮች መጠቀሙ ነው። «ልጁ መጣች» ሰዋስዉ ይሰናከላል (ልጁ ወንድ ከሆነ)። «ጨረቃ ከፀሐይ ትበልጣለች» ሐሰት ነው፤ ቋንቋው ላይ ግን ምንም ችግር የለበትም። «ድንጋዩ አሰበ» እንግዳ ነው። «ሞተ፤ ግን በሕይወት አለ» ቅራኔ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን የሚለይ ቀላል ጥያቄ አለ፤ በተረት ውስጥ ቢሆንስ? በተረት ድንጋይ ያስባል፣ ይናገራል፣ ያገባል። ሞቶ በዚያው ጊዜ ያልሞተ ሰው ግን ተረቱም አይሸከመውም፤ «ሞተ»ን በሌላ ፍቺ ካልወሰድነው በስተቀር። ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ምልክት ይስጡ፤ ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ አራቱ እንዳይደባለቁ ነው ዋናው።

ቀጥሎ የሚመጣው ልዩነት በቃሉ ውስጥ ባለው ነገርና ቃሉ በሚያስገምተው ነገር መካከል ያለው ነው። «በሩን ለመክፈት ሞከረ» ስንሰማ አልተሳካለትም ብለን እንገምታለን። ሆኖም «ሞከረ፤ ከፈተውም» ማለት ይቻላል፤ ግምቱ ያለ ምንም ቅራኔ ይሰረዛል። ሊሰረዝ የሚችል ነገር የቃሉ ፍቺ አካል አይደለም። «ቀሰቀሰ»ም እንዲሁ ነው፤ «ቀሰቀስኩት» ሲባል ነቃ ብለን እንገምታለን፣ «አልነቃም» ሲጨመር ግምቱን ሳንቸገር እንተወዋለን። መዝገበ ቃላት የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሁልጊዜ ከሚሆነው ጋር አንድ መስመር ላይ ያሰፍሩታል።

ሌላ ሰው ሲጠየቅ የአጠያየቁ ነገር ውጤቱን ይወስነዋል። «ይህ ዓረፍተ ነገር ልክ ነው?» የሚል ጥያቄ የትምህርት ቤት ሰዋስው ያስታውስና መልሱን ያበላሻል። «ይህን ማን፣ መቼ ሊል ይችላል?» የተሻለ ነው። ከሚፈተኑት ዓረፍተ ነገሮች እኩል ቁጥር ያላቸው ምንም የማያጠራጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ይቀላቀሉ፤ ቅደም ተከተሉም ለእያንዳንዱ ሰው ይለዋወጥ። አሥር እንግዳ ዓረፍተ ነገር በተከታታይ የሰማ ሰው አሥራ አንደኛውን መግፋት አይችልም፤ ጆሮው ይለምደዋል።

ሁለት ፍቺ ወይስ አንድ ሰፊ ፍቺ?

«አጎት» የእናት ወንድምም የአባት ወንድምም ነው። «ፈለገ» መመኘትም ማሰስም ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አይደሉም።

«የአልማዝ አጎት መጣ፤ የሰናይትም እንዲሁ።» የአልማዝ አጎት የእናቷ ወንድም፣ የሰናይት ደግሞ የአባቷ ወንድም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይሆንም። አሁን ደግሞ፣ «አልማዝ መጽሐፉን ፈለገችው፤ ሰናይትም እንዲሁ።» አልማዝ መጽሐፉ የእሷ እንዲሆን ተመኝታ፣ ሰናይት ግን ጠፍቶባት በየመደርደሪያው ስታስስ ውላ ቢሆን ይህን ማለት አይቻልም። «እንዲሁ» የፊተኛውን ፍቺ እንዳለ ይዞ ይሻገራል። ስለዚህ «ፈለገ» በእርግጥ ሁለት ፍቺ አለው፤ «አጎት» ግን አንድ ብቻ፣ የእናት ይሁን የአባት ግድ የማይሰጠው። ሁለተኛ ማረጋገጫም አለ። ለጓደኛው ዕቃ ሲያስስ የዋለ ሰው «ፈልጌዋለሁ፤ ግን አልፈልገውም» ቢል ይገባናል። «አጎቴ ነው፤ ግን አጎቴ አይደለም» የሚል ሰው ግን በየትኛውም ሁኔታ አይገባንም።

መፈተኛው እንዲሠራ መነሻ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ፍቺዎች እኩል መፍቀድ አለበት። «መርፌዋን በባትሪ ፈለገቻት» ብሎ የጀመረ ተማሪ አንዱን ፍቺ አስቀድሞ ገድሎታልና ከ«እንዲሁ» ምንም አይማርም።

የተማሪዎች ትልቁ ወጥመድ ግን ትርጉም ነው። ስዊድንኛ ለእናት ወንድምና ለአባት ወንድም የተለያየ ስም አለው፤ እንግሊዝኛ አማርኛው «እጅ» የሚለውን ለሁለት ይከፍለዋል። «እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ስላለው የእኛም ሁለት ፍቺ አለው» የሚል መልስ በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት ይገኛል። የአማርኛው ቃል ስንት ፍቺ እንዳለው የሚመሰክረው አማርኛ ብቻ ነው። የሌላ ቋንቋ አከፋፈል የት ቦታ መፈተሽ እንዳለብን ይጠቁመናል እንጂ ውጤቱን አይሰጠንም።

ፈታ

የጥናቱን ዘርፍ ሚሼል ብሬያል በ1883 በፈረንሳይኛ «ሴማንቲክ» አለው። እኛ ደግሞ «ፍቺ» ስንል የምንጠቀመው ቃል ራሱ ለጥናቱ ከሁሉ የተመቸ ምሳሌ ሆኖ መገኘቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ገመድ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሞተር ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ችግር ይፈታል። ስንት ፍቺ ነው?

ተማሪዎች ሲጠየቁ ወይ «አንድ» ይላሉ (ሁሉም መልቀቅ ነው) ወይ ስድስት ይቆጥራሉ። ሁለቱም ያለ ምስክር ነው። ሦስት ምስክሮች እንጥራ።

አንደኛው ማጣመር ነው። «ገመዱንም ብሎኑንም ፈታው» ምንም አይጎረብጥም። «እንቆቅልሹንም ሕልሙንም ፈታው» ደህና ነው። «ገመዱንም ሕልሙንም ፈታው» ግን የቃል ጨዋታ ይሆናል፤ ሰሚው ፈገግ ይላል። ፈገግታው መረጃ ነው፤ አንዱ «ፈታ» ሁለት ሥራ ተሸክሞ መጎበጡን ይነግረናል።

ሁለተኛው «በራሱ» ነው። ቋጠሮው በራሱ ተፈታ፤ ችግሩ በራሱ ተፈታ። እስረኛው በራሱ ተፈታ? ሕልሙ በራሱ ተፈታ? ሁለቱ ያለ ፈቺ አይፈቱም። ይህ መፈተኛ ከፊተኛው ጋር አለመግጠሙን ልብ በሉ፤ እንደ እንቆቅልሽ የሚፈታውን ችግር ከሕልም ለይቶታል። ተማሪው እዚህ ላይ መደንገጥ የለበትም። መፈተኛዎች የሚመረምሩት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ የፍቺን ማንነት፣ አንዱ የድርጊቱን አሠራር።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የምወደው የስም ርባታ ነው። ከትዳር፣ ከሕልምና ከቃል ጋር የሚሄደው ስም «ፍቺ» ነው። ከችግር ጋር ግን «መፍትሔ» ይላል፤ የችግር ፍቺ አይባልም። ለብሎኑ «መፍቻ» አለን፤ መሣሪያው ነው። ለእስረኛው ከሦስቱ አንዱም አይሆንም፤ «መፈታት» ብቻ። ተናጋሪው በንግግሩ አንድም ጊዜ ሳያስበው ስሞቹን እንዲህ አከፋፍሏቸው ይኖራል።

ግስ ሲመረመር የባለቤትና የተሳቢ ጉዳይም ከፍቺ አይለይም። የቋንቋ ምሁሩ ፊልሞር በ1970 የእንግሊዝኛን የመምታትና የመስበር ግሶች አነጻጽሮ ያሳየው ይህን ነው። የአማርኛዎቹ የራሳቸው ምስክርነት አላቸው። «መስታወቱን መታው፤ ምንም አልሆነም» ይቻላል፤ «መስታወቱን ሰበረው፤ ምንም አልሆነም» አይቻልም። አሁን እነዚህን አነጻጽሩ፤ «እግሩ ላይ መታው»፣ «እግሩ ላይ ሰበረው»። በመጀመሪያው የተመታው ሰውየው ነው። በሁለተኛው የተሰበረው ሌላ ነገር ሆነ፤ ዱላ ይሆናል፣ እግሩ ላይ አርፎ የተሰበረ። የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ አንድ ሆኖ ሳለ «ው» የምትጠራው ነገር ተቀየረ፤ ምክንያቱም «መታ» የሚፈልገው የተነካ ነገርን፣ «ሰበረ» የሚፈልገው የተለወጠ ነገርን ነው።

ተቃራኒ ሁሉ አንድ አይደለም

ሦስት ዓይነቱን በአጭሩ ማሳየት ይበቃል። «ረጅምም አጭርም አይደለም» ይቻላል፤ መሐል አለው። «አልሞተም፤ በሕይወትም የለም» አይቻልም። «ሸጠለት» እና «ገዛው» ደግሞ አንድን ክስተት ከሁለት ወገን ያያሉ።

የሚያስቆመው ነገር ያለው በመጀመሪያው ዓይነት ውስጥ ነው። ከ«ረጅም» ርዝመት፣ ከ«ሰፊ» ስፋት፣ ከ«ከባድ» ክብደት ይወጣል፤ እነዚህ ስሞች ለትንሹም ለትልቁም ይለካሉ። የእርሳስ ቁራጭ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው ሲባል ረጅም ነው ማለት አይደለም። «ጥበቱ 2 ሜትር ነው» ግን ማንም አይልም። «እጥረት»ማ ጭራሽ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ «የገመዱ እጥረት 2 ሜትር ነው» ብትሉ ሰሚው 2 ሜትር ገመድ ጎደለ ብሎ ይረዳል። ከተቃራኒዎቹ አንዱ ለመለኪያነት ገለልተኛ ሲሆን ሌላው ለብቻው ይቀራል። «እጥረት» ዘሩ «አጭር» ስለሆነ ፍቺውም እዚያው ነው የሚል ተማሪ ደግሞ የቃልን ታሪክ ከዛሬ ፍቺው ጋር አምታቷል።

መለያ ባሕርይና ድንበሩ

ካትዝና ፎዶር በ1963 ፍቺን ወደ መለያ ባሕርያት የመበተንን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቁ። ለመለማመጃ ላም፣ በሬ፣ ኮርማ፣ ወይፈን፣ ጊደር፣ ጥጃ በቂ ናቸው። ስድስት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ይሠራ። ጾታ አንድ ዓምድ ይወስዳል፤ ጥጃ ላይ ባዶ ይቀራል። ኮርማን ከበሬ ለመለየት መኮላሸት ሌላ ዓምድ ይፈልጋል። ዕድሜም አንድ ዓምድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ በጥብቅ ይያዝ፤ ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱን የማይለይ ባሕርይ ከሰንጠረዡ ይውጣ። «ቀንድ አላት»፣ «ሣር ትበላለች» እያሉ የሚሞሉ ተማሪዎች እንስሳዋን እየገለጹ ነው፤ ቃሉን አይደለም።

ከዚያ አስቸጋሪው ጥያቄ ይቅረብ። ሳትወልድ ያረጀች ጊደር ናት ወይስ ላም? ክፍሉ ይከፈላል። ጊደርን ከላም የሚለየው መውለድ ነው ያለ አንድ መልስ፣ ዕድሜ ነው ያለ ሌላ መልስ ይዞ ይቆማል፤ ሁለቱ ባሕርያት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ ሲለያዩ የተመለከተ ጥቂት ነው።

ላቦቭ በ1973 ተመሳሳይ ጥያቄ በሥዕል አንስቷል። ኩባያ የሚመስሉ ዕቃዎችን ስፋታቸውን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ አሳየ፤ ሰዎች «ኩባያ» ማለት የሚያቆሙት በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነበር፤ ዕቃው ውስጥ አበባ እንዳለ አስቡ ሲባሉ ደግሞ ድንበሩ ተንቀሳቀሰ። ይህን በክፍል መድገም 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከፍታቸው እኩል ሆኖ እየሰፉ የሚሄዱ ሰባት ሥዕሎች፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ቃል። መልሱ በጽሑፍና በዝምታ ይሁን፤ በቃል ከተጠየቀ የመጀመሪያው ደፋር የመለሰው የክፍሉ መልስ ይሆናል።

ኤሌኖር ሮሽ በ1970ዎቹ ከሠራቻቸው ጥናቶች በኋላ አንዳንዱ ወፍ ከሌላው ይልቅ የወፍ ምሳሌ ተደርጎ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ ፔንግዊን ከዳር ይቀመጣል። ተማሪዎች ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው የቃላት ድንበር ሁሉ ደብዛዛ ነው» ይላሉ። አይከተልም። አርምስትሮንግና ሁለቱ ግላይትማኖች በ1983 ሰዎችን ስለ ጎዶሎ ቁጥሮች ጠየቁ፤ ሰዎቹም 3ን ከሌሎች ጎዶሎ ቁጥሮች የተሻለ ምሳሌ አደረጉት፤ የጎዶሎ ቁጥር ድንበር ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነው። ጥሩ ምሳሌ መሆንና አባል መሆን ሁለት ጉዳዮች ናቸው።

መቶ መስመር

የኮርሱ ማሳረጊያ አንድ ግስ መርጦ ከእውነተኛ ጽሑፍ 100 መስመር ሰብስቦ መመደብ ቢሆን እመርጣለሁ። «ፈታ»ን እንውሰድ። ፍለጋው ራሱ ያስተምራል። «ፈታ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ይፈታል» ይመጣል፣ «ፈትቶ»፣ «ፍቱ» ግን ያመልጣሉ፤ በምትካቸው ከ«ፈተነ» የወጣው «ፈታኝ» እና ከ«ፈተሸ» የወጣው «ፈታሽ» ይጎርፋሉ። ስለዚህ የርባታ ቅርጾቹ አስቀድመው ተዘርዝረው አንድ በአንድ ይፈለጉ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ያሉበት ግስ ከሆነ ደግሞ ሆሄያቱ ወደ አንድ ይመለሱ፤ አለዚያ የአንድ ቃል መስመሮች በየሆሄው ተበታትነው ይቀራሉ።

የመጀመሪያዎቹ 20 መስመሮች ይነበቡና የፍቺ ዝርዝር ይረቀቅ። የቀሩትን 80 ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ይመድቡ። 68ቱ ላይ ቢስማሙ ስምምነቱ 0.85 ነው፤ ግን በአጋጣሚም የሚገኝ ስምምነት አለና ይቀነስ። ኮኸን በ1960 ባቀረበው ስሌት የአጋጣሚው ድርሻ 0.40 ከሆነ፣ 0.45ን (0.85 ሲቀነስ 0.40) ለ0.60 (1 ሲቀነስ 0.40) አካፍለን 0.75 እናገኛለን። ዝርዝሩ ወደ አሥራ አራት ፍቺ ካበጠ ይህ ቁጥር ወዲያው ይወድቃል፤ ምክንያቱም ብሎን፣ የጫማ ክርና የሸሚዝ ቁልፍ መፍታት ለየብቻ ተቆጥረዋል ማለት ነው። የተፈታው ነገር ስለተለየ ብቻ ፍቺ አይወለድም፤ ቢያንስ ሁለት መፈተኛ ይመስክርለት።

ያልተስማሙባቸው 12 መስመሮች አይጣሉ። ከእነርሱ መካከል ለምሳሌ «አፉን የፈታበት ቋንቋ» ሊገኝ ይችላል። አንዱ ተማሪ ከገመዱ ጋር ይመድበዋል፤ የታሰረ አፍ ተለቀቀ ብሎ። ሌላው ለብቻው ያቆመዋል። ማጣመር ይሞከር፤ «ገመዱንም አፉንም ፈታ» ይጎረብጣል። «አፉ በራሱ ተፈታ» ቅር ይላል። ስሙ ደግሞ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ነው፤ «የአፍ ፍቺ» አይባልም። ቋንቋው፣ ብሎኑን ከሚፈታው ብረት ጋር፣ መሣሪያዎቹ ጎራ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።